ማሽኑን ሳይሆን ወረቀቱን ጠይቁ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሙከጡሪ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚጓዝ ሰው የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ለሚን ያገኛል። ለሚ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እዚያ በሚገኘው የአክስቴ ቤት ቡፌ ላይ ዳንቴል የለበሰ አንድ ነጭ ዕቃ ተቀምጧል። ምን ይሆን ብዬ ዳንቴሉን ገለጥ ባደርገው ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይበልጥ የፎቶ ፕሪንተር ሆኖ አገኘሁት። ልጃቸው ከባሕር ማዶ የላከላቸው ስጦታ ነው። አብረውት የመጡት 10 ወረቀቶች በአንድ የፋሲካ ዕለት አልቀዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ፎቶ አላወጣም።

«ታዲያ ለምን አይጠቀሙበትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ቀለቡ ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ እኔ ከየት አምጥቼ ላብላው?» አሉኝ።

ሳቅን፤ ነገሩም በዚያው አለፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ወንድማቸው፣ አጎቴ ማለት ነው፣ በድንገት አረፉ። እንደ ሀገሩ ወግ ለቅሶተኛው ይዞ የሚያለቅስበት የሟች ፎቶ ተፈለገ። በልጅ ልጃቸው ስልክ ውስጥ በበዓል፣ በሠርግና በአውድማ ላይ የተነሱ ብዙ ፎቶግራፎች ነበሩ። በወረቀት ላይ ያለው ግን መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ ብቻ ሆነ። የዚያን ዕለት በከተማው መብራት አልነበረምና ማሳተም አልተቻለም። ማሽኑም ከነዳንቴሉ ቡፌው ላይ ቁጭ ብሎ ይታይ ነበር። ፎቶው አዲስ አበባ ታትሞ ለሚ የደረሰው በሠልስቱ ዕለት ሲሆን፣ ቀብሩ ያለ ፎቶ ተፈጽሞ ነበር።

ይህን ማንሳቴ ሐዘኔን በገበያ ገጽ ላይ ለመዘርጋት አይደለም። ለቤት የሚሆን አነስተኛ የፎቶ ፕሪንተር መግዛት ወይም ከውጭ ማስላክ በየቤቱ እየተለመደ ስለመጣ፣ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲያስቀድም ለማሳሰብ ነው። ሻጩ የሚነግረን የማሽኑን ዋጋ ነው፤ እኛም የምንከራከረው በማሽኑ ዋጋ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን መጠየቅ ያለበት የወረቀቱና የቀለሙ ዋጋ፣ ከዚያም አልፎ የሚገኝበት ቦታ ነው። ማሽን አንዴ ይገዛል፤ ወረቀት ግን ዕድሜ ልክ ይገዛል።

በገበያ ላይ ያሉት አራት ዓይነቶች

በገበያ ላይ የሚታዩት አነስተኛ የፎቶ ፕሪንተሮች ስማቸውና ቀለማቸው ቢበዛም ውስጣቸው ሲታይ ከአራት ዓይነት አያልፉም።

የመጀመሪያው ቀለም የሚባል ነገር የማይገባበት ነው። የኤችፒ ስፕሮኬትና የመሳሰሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ቀለሙ ያለው በወረቀቱ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ በሙቀት ያወጣዋል። ወረቀቱ ዚንክ ይባላል። ፎቶው ብዙውን ጊዜ 5 በ7.6 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጀርባው ተልጦ ይለጠፋል። ለወጣቶች መጫወቻና ለደብተር ልባስ ጥሩ ነው። የቀለሙ ጥራት ግን ከሌሎቹ ያንሳል፤ መጠኑም በአልበም ለማስቀመጥም ሆነ በፍሬም ለመስቀል ያንሳል። የአክስቴ ማሽን ይኸው ነበር።

ሁለተኛው የፉጂፊልም ኢንስታክስ ነው። ይህ የሚያወጣው እንደ ድሮው በኬሚካል የሚታጠብ እውነተኛ ፊልም ነው። ነጭ ጠርዝ ያለው ካርድ ይወጣና ሥዕሉ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። የትንሹ ዓይነት ሥዕል 6.2 በ4.6 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ፊልሙ የመጠቀሚያ ቀን አለው፤ ሙቀትም ይጎዳዋል። በአንድ ካርትሬጅ የሚገባው 10 ብቻ ስለሆነ ዋጋው ውድ ነው።

ሦስተኛው በሪባን የሚሠራው ነው። የካነን ሴልፊ በዚህ ወገን በስፋት ይታወቃል፤ ኮዳክ በሚል ስም የሚሸጡም አሉ። እዚህ ላይ ቀለሙ በቀጭን ሪባን ላይ ተቀብቶ ይመጣል፤ በሙቀት ተንኖ ወደ ወረቀቱ ይገባል። ወረቀቱ አራት ጊዜ ይመላለሳል፦ መጀመሪያ ቢጫው፣ ቀጥሎ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው ቀይ፣ ከዚያ ውሃ ሰማያዊው፣ በመጨረሻም ከውሃና ከጣት አሻራ የሚከላከል ግልጽ ሽፋን። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴልፊ ሲፒ 1500 የሚባለው 10 በ14.8 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ፎቶ በ41 ሰከንድ ገደማ ያወጣል። ወረቀቱና ሪባኑ ተቆጥረው አንድ ላይ ይሸጣሉ፤ ለምሳሌ 108 ወረቀት ከ108 ፎቶ ሪባን ጋር። ሁለቱም እኩል ስለሚያልቁ ገዢው የቀረውን መቁጠር ይችላል።

አራተኛው በጠርሙስ ቀለም የሚሞላው ነው። ኤፕሰን በ2010 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ከጀመረው ወዲህ ወደ ብዙ ሀገር ተዳርሷል። ባለ ስድስት ቀለሙ ለፎቶ ተብሎ የተሠራ ነው። በአንድ ሙሊት የሚወጣው ፎቶ ብዙ ነው፤ ለአንዱ ፎቶ የሚወጣው የቀለም ወጪም ከሁሉ ያነሰ ነው። ነገር ግን ትንሽ አይደለም፤ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራ ይፈልጋል። ለሳምንታት ሳይታተምበት ከቆየ ቀለሙ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ላይ ይደርቃል። ቀዳዳዎቹን ለማጽዳት ራሱ ቀለም ይበላል፤ የሚጸዳው ቀለም የሚጠራቀምበት ስፖንጅም ሲሞላ ማሽኑ አልሠራም ይላል። ይህ ማሽን ለፎቶ ቤት ተስማሚ ነው። በዓል ሲመጣ ብቻ ለሚያትም ቤተሰብ ግን ሥራ ፈትቶ የሚበላሽ ሎሌ ነው።

ስሌቱ በወረቀት ላይ

አሁን እርሳስ ይዘን እንቀመጥ። ለስሌት እንዲመች ያህል ባለ ሪባኑ ማሽን በ27,000 ብር ተገዛ እንበል። 108 ወረቀት ያለው ጥቅል ደግሞ በ7,560 ብር ይገኛል እንበል። አንዱ ወረቀት 70 ብር ሆነ ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ በአምስት ዓመት ውስጥ 108 ፎቶ ብቻ ቢያትም የማሽኑ ዋጋ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ፎቶ 250 ብር ይደርሰዋል። ወረቀቱ ሲጨመር አንዱ ፎቶ 320 ብር ወጣበት። ያው ቤተሰብ በአምስት ዓመት 540 ፎቶ ቢያትም የማሽኑ ድርሻ ወደ 50 ብር ይወርድና አንዱ ፎቶ 120 ብር ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ማሽኑ የሚረክሰው ሲሠራ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ምንም ያህል ቢሠራ ከ70 ብር በታች አይወርድም። በሠፈራችን ያለው ፎቶ ቤት ይህንኑ መጠን ከ70 ብር ባነሰ የሚያትም ከሆነ ቤት ውስጥ ማተም መቼም ቢሆን አያዋጣም። ስለዚህ «ፎቶ ቤት ከምከፍል ራሴ ገዝቼ ልቆጥብ» የሚለው አስተሳሰብ ለብዙው ሰው የተሳሳተ ነው። የቤት ፕሪንተር የሚገዛው ለቁጠባ ሳይሆን ፎቶው በተፈለገበት ሰዓት እንዲገኝ ነው። ይህንን አምኖ የሚገዛ አይጸጸትም።

አንባቢ የራሱን ገበያ ዋጋ አስገብቶ ይህንኑ ስሌት ይሥራ፤ ቁጥሩ ይለዋወጣል፣ መንገዱ ግን አይለወጥም። ቁጥሩ እንደሚለዋወጥም በቅርቡ አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ማሽኑን ከዚያ ቀን በፊት የገዛ ሰው በርካሽ ገዛሁ ብሎ ደስ ቢለውም ወረቀቱን የሚገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው። ከውጭ በሚመጣ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ማሽን የገዛ ሁሉ ሳያውቀው የምንዛሪ ነጋዴ ሆኗል።

ለሚ ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በውጭ ሀገር ስለነዚህ ማሽኖች የሚጻፈው ምክር ስለ ቀለም ውበትና ስለ ፍጥነት ነው። ለሚ ላይ ግን ቀዳሚዎቹ ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው።

አንደኛው መብራት ነው። ባለ ሪባኑ ማሽን ወረቀቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ምልልስ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ያ ወረቀት ከነሪባኑ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ለብቻው የሚሸጥ ባትሪ የሚቀበል መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሲፒ 1500 ይቀበላል። ከአሜሪካ የሚላክ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የቻርጀሩን ጀርባ ማንበብ ይገባል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን የሰኩት ዕለት ይሰናበታል።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። ስፕሮኬትና የኢንስታክስ ሊንክ ፕሪንተሮች በስልክ አፕሊኬሽን የሚታዘዙ ናቸው። አፕሊኬሽኑን ለማውረድ፣ ስልክ ሲቀየርም እንደገና ለመጫን ኢንተርኔት የግድ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚዘነጋ የለም። በዚያን ጊዜ ስልኩን የቀየረ ሰው ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሊያዘው አይችልም ነበር። ስለዚህ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ሲሰካበት በራሱ መስኮት ላይ ፎቶ አስመርጦ የሚያትም ማሽን ይመረጣል። ይህ በማስታወቂያ ላይ የማይጮህ፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ብልጫ ነው።

ሦስተኛው አቧራ ነው። በሪባኑ ወይም በወረቀቱ ላይ ያረፈ አንዲት ብናኝ በፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ወይም መስመር ትተዋለች። በበጋ ወራት መስኮት ከፍቶ ማተም፣ ማሽኑንም ያለ ክዳን ማስቀመጥ ወረቀት ማባከን ነው። በዚህ በኩል የአክስቴ ዳንቴል ቀዳዳው ቢበዛም ሐሳቡ ትክክል ነበር። ወረቀቱ ሲመላለስ ከማሽኑ በስተኋላ ብቅ ስለሚልም ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል።

አራተኛው ምን እናትምበታለን የሚለው ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ከተመረቀ ወዲህ የከተማዋ ስም ከሲሚንቶ ጋር አብሮ ይነሳል። ሥራ ፈልጎ ማመልከቻ የሚያስገባ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያስመዘግብ፣ መታወቂያ የሚያሳድስ ሰው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል። በ10 በ14.8 ወረቀት ላይ 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶ ስምንት ያህል ይገባል። በላይኛው ስሌታችን የአንዱ ጉርድ ፎቶ የወረቀት ወጪ ዘጠኝ ብር ያህል ሆነ ማለት ነው። ዚንክም ሆነ ትንሹ ኢንስታክስ ለዚህ አይሆንም። እነዚህን አራት ጥያቄዎች አንድ ላይ ስንመዝናቸው ለለሚ ዓይነት ከተማ የሚሻለው ባትሪና ሚሞሪ የሚቀበለው ባለ ሪባኑ ማሽን ነው።

«ስልኩ አይበቃም ወይ?»

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። «በዚህ ዘመን ፎቶ ማሳጠብ ምን ያደርጋል? ሁሉም በስልክ ውስጥ አለ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል፣ የይለፍ ቁጥሩ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ያነሷቸውን ሥዕሎች ዛሬ የምናያቸው በወረቀትና በመስታወት ላይ ስለቀሩ ነው። ጥቂት ወጣቶች ከየቤተሰቡ የድሮ ፎቶዎች ሰብስበው በ2018 እ.ኤ.አ. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ ያሳተሙትም በየቤቱ የተቀመጠ አልበምና ፎቶ ስለነበረ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የእኛን ዘመን ሰብስቦ ማሳተም የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ምን ይሰጠዋል? የሞተ ስልክ?

ሌላው ተቃውሞ ከፎቶ ቤት ልጆች የሚመጣ ነው። «በየቤቱ ማሽን ከገባ እኛ ምን እንበላለን?» ይላሉ። ሥጋታቸውን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ስሌቱ ለእነርሱ ያደላል። ብዙ ለሚያትም ሰው የጠርሙስ ቀለሙ ማሽን ከሪባኑ እጅግ ይረክሳል። የሠርግ አልበም፣ ትልቅ ፎቶ፣ ፍሬም፣ የደበዘዘ የድሮ ፎቶ ማደስ በቤት ማሽን የሚሞከር አይደለም። የፎቶ ቤትን ገበያ የወሰደው ፎቶውን ሳያትም በኪሱ ይዞ የሚዞረው ደንበኛ እንጂ ትንሿ ፕሪንተር አይደለችም። ማተም የለመደ ቤተሰብ አንድ ቀን ትልቁን ለማሳተም ወደ እነርሱ መሄዱ አይቀርም።

ለምን ዕድሩ አይገዛውም?

ታዲያ በዓመት ሃያ ፎቶ የማያትም ቤተሰብ ምን ያድርግ? ብቻውን አይግዛ። ይህ የጸሐፊው ቁርጥ ያለ አስተያየት ነው። በዓመት ሃያ ፎቶ ለሚያትም ሰው ማሽኑ የቡፌ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ነገር ግን እኛ ብቻችንን መግዛት የማይገባንን ዕቃ በጋራ የምንገዛበት ጥንታዊ ዘዴ አለን። ዕድር ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ አለው። አንድም አባል ለብቻው ድንኳን ልግዛ አይልም፤ ምክንያቱም ድንኳን የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው፣ ሲያስፈልግ ግን ዛሬውኑ ነው። የፎቶ ፕሪንተርም ጠባዩ ይኸው ነው።

መቶ አባላት ያሉት ዕድር ቢሆን 27,000 ብሩ ለአንድ አባል 270 ብር ብቻ ነው። አባሉ በወረቀት 80 ብር ቢከፍል ከእያንዳንዱ 10 ብር ይተርፋል፤ አንድ ጥቅል ሲያልቅ 1,080 ብር ለጥገና ተቀመጠ ማለት ነው። ሐዘን የደረሰበት ቤት ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፎቶዎች በነፃ ያግኝ። ለቀብር የሚሆነው ትልቁ ፎቶ ከፎቶ ቤት እስኪመጣ ድረስ የፖስት ካርድ መጠን ያለው ፎቶ በፍሬም ገብቶ ከድንኳኑ ሊደርስ ይችላል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው ከተሞላ ያን ቀን ያሳልፋል።

ሦስት ደንቦች ግን ከወዲሁ ይጻፉ። አንድ፣ ያልተከፈተ አንድ ጥቅል ምንጊዜም በዕቃ ግምጃ ቤቱ ይኑር፤ የመጨረሻው ጥቅል ሲከፈት ሌላው ይታዘዝ። ሁለት፣ ማሽኑን የሚያውቅ አንድ ወጣት ይመደብለት፤ ሁሉም የሚነካው ዕቃ የማንም አይደለምና። ሦስት፣ ያለቀው ሪባን ይቃጠል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የታተመው ሥዕል በሪባኑ ላይ ተገልብጦ ይቀራል። ለብርሃን አንስቶ የሚያይ ሰው የጎረቤቱን ፎቶም ሆነ የመታወቂያውን ቅጂ ሊያይበት ይችላል።

ባሕር ማዶ ላላችሁ ልጆችም አንድ ቃል። ለእናታችሁ ማሽን መላካችሁ ደግ ነው። ነገር ግን ትንሿንና ቆንጆዋን መርጣችሁ ከአሥር ወረቀት ጋር ከምትልኩ፣ ሚሞሪ የምትቀበለውን መርጣችሁ ከሁለት ዓመት ወረቀት ጋር ላኩ። የማሽኑን ዋጋ ያህል ወረቀት ለመግዛት አቅም ከሌላችሁ ማሽኑን ተዉትና በዚያው ገንዘብ በስልካችሁ ያሉትን ፎቶዎች እዚያው አሳትማችሁ ወደ ሀገር ለሚመጣ ሰው ስጡ። የታተመ ፎቶ ኤሌክትሪክም፣ አፕሊኬሽንም፣ ሪባንም አይጠይቅም።

ለመግዛት ወደ ሱቅ የምትሄዱም ሻጩን «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ወረቀቱ አለህ? ስንት ጥቅል አለህ? አሳየኝ» በሉት። «ይመጣል» ካላችሁ፣ እናንተም «ሲመጣ እንመጣለን» ብላችሁ ውጡ።

የአክስቴ ማሽን አሁንም ቡፌው ላይ አለ። የአጎቴ ፎቶ ከአጠገቡ በፍሬም ተሰቅሏል። ያ ፎቶ የታተመው አዲስ አበባ ነው፤ የደረሰውም ዘግይቶ ነው። ለሚቀጥለው ለቅሶ ሳይሆን ለሚቀጥለው በዓል ብለን፣ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎቻችንን ዛሬውኑ በወረቀት ላይ እናስቀምጣቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።